በቦረቦሩ አፋፍ የተተከለ ወይራ

ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለያህያ ማህዲ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ከርመሃል? አላህ በሰው አገር ሞገስ ይስጥህ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርህ። እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ዝናቡ በርትቷል። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። በስልክ ባወራህ ደግ ነበር፤ ግን ይቆራረጣል፤ ሱቅ ውስጥ ስናወራ ደግሞ አባትህ ጨርቅ የሚለካ መስሎ ጆሮውን ይጥላል። ስለዚህ ጻፍሁ። ጎረቤታችን ሙሐመድአሚን ዕቃ ሊያመጣ አዲስ አበባ ሲሄድ ወረቀቱን ፎቶ አንሥቶ ይልክልሃል፤ የአንተንም መልስ እዚያው አሳትሞ ያመጣልኛል። ቢያነበውም አያወራም።

ነገሬ ስለ መቃብራችን ነው። ከከተማው በታች ያለውን ተዳፋት ታውቀዋለህ። የታችኛውን ጠርዝ ቦረቦር እየበላው ነው። በዚህ ወር የጣለው ዝናብ አፈሩን ንዶ የሰው አፅም አወጣ። የማን እንደሆነ እንኳ አልታወቀም፤ ወንዶቹ ሰብስበው ሌላ ቦታ ቀበሩት። ሴት መቃብር አትሄድም ቢባልም ሄጄ አየሁ። ቦረቦሩ ከልጄ ከራጂያ መቃብር ሥር ደርሷል። ዘንድሮ ቢተርፍ በሚመጣው ክረምት ተራው የእሷ ነው። ያህያ፣ እኔ ልጄን ሁለት ጊዜ አልቀብርም።

አምና ወይራና ዋንዛ ገዝቼ አፋፉ ላይ አስተክዬ ነበር። ማዳበሪያ ሰጠኋቸው፤ እስከ ኅዳር አረንጓዴ ሆነው በጥር ደረቁ። የግብርና ባለሙያው መጥቶ አየና «ይህ ቀይ አፈር ጉልበቱ አልቋል፣ የአገር ዛፍ አይዝም፣ ባሕር ዛፍ ትከሉ» አለ። አባትህ የመስጂዱ ኮሚቴ ሰብሳቢ ስለሆነ ቃሉን እንደ ፈትዋ ያዘው። ባሕር ዛፍ ተክሎ፣ ቆርጦ ሸጦ፣ አጥር ሊያሠራ ነው። በባሕር ዛፍ ሥር ሣር እንደማይበቅል፣ ባዶ መሬት ደግሞ እንደሚታጠብ ለሱ መንገር ለግድግዳ መንገር ነው።

አንተ ያለህበት የምርምር ጣቢያ ሥራው ችግኝ ነው ብለኸኛል። እዚያ የሚሰጡትን ማዳበሪያ፣ ከሁሉ ብርቱ የሆነውን፣ ሰው ስታገኝ ላክልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።

አላህ ያቆይህ።
አክስትህ ኡምሀኒ


ፓሃንግ፣ ማሌዥያ፣ ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ኡምሀኒ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ጉልበትዎንም አያሳንስብን። ደብዳቤዎን ሳነብ የራጂያ ስም ላይ ስደርስ ቆምኩ። አብረን ያደግን ነን፤ ስትቀበር አልነበርኩም።

ማዳበሪያ አልልክልዎትም። አይቆጡኝና ምክንያቱን ይስሙኝ።

በዛፍ ሥር ውስጥ የሚኖር ፈንገስ አለ። ከሥሩ ወጥቶ እንደ ሐር ክር፣ ከሐርም በቀጠነ ክር፣ አፈሩን ይወርሳል። ሥሩ የማይደርስበት ቦታ ደርሶ ውሃና ምግብ ለዛፉ ያመጣል። ዛፉ ደግሞ በቅጠሉ የሠራውን ስኳር ይከፍለዋል። እርስዎ ሱቅ ተቀምጠው ሙሐመድአሚን ከሩቅ ዕቃ እንደሚያመጣልዎት ማለት ነው። ችግኙ ማዳበሪያ በእጁ ሲሞላለት ግን ለሸሪኩ መክፈል ይተዋል፤ ሸሪኩም ይጠፋል። ያኔ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ያምራል፣ ይረዝማል። ወስደው ደሃ አፈር ላይ ሲተክሉት ብቻውን ይቀራል፤ በጋው ሲመጣ ይሞታል። የአምናዎቹ እንዲህ የሞቱ ይመስለኛል።

እኛ እዚህ የምንፈትነው ይህንኑ ነው። ለአንዱ መደብ ማዳበሪያ፣ ለሌላው ፈንገሱ ያለበትን የጫካ አፈር፣ ለሌላው ሁለቱንም እንሰጣለን። ምንም የማንሰጠውም አለ። እርስዎ ብርቱ ማዳበሪያ ከሚፈልጉ ይልቅ ትልቅ ዛፍ ይፈልጉ። በጥላው ሥር የጅብ ጥላ የበቀለበትን ቦታ ካገኙ ፈንገሱ እዚያ አለ። ያንን አፈር ቆፍረው ከችግኝ አፈር ጋር ይቀላቅሉ።

አባቴ ስለ እኔ ከጠየቀ ሰላም ይበሉልኝ። ካልጠየቀ ይተዉት።

አክባሪዎ ያህያ


ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለያህያ፣

የአላህ ሰላምና እዝነት ባንተ ላይ ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ጤና ነኝ፤ ንዴቴ ግን ጤና አይደለም።

ያልኸኝን አደረግሁ። ክረምቱ ሳይወጣ በየዛፉ ሥር ጎንበስ ብዬ የጅብ ጥላ ስፈልግ ሰው «ኡምሀኒ ምን ጠፍቶባት ነው» ሲል ከረመ። በዋንዛ ሥር የለም። በወይራ ሥር የለም። የት እንዳገኘሁት ታውቃለህ? ባሕር ዛፍ ሥር! በዚያ በምጠላው ዛፍ ሥር እንደ ጉድ በቅሎ አገኘሁት። የዋህ ነኝና፣ የተማረ ሰው ያለኝ ነው ብዬ አፈሩን በኩንታል አስጭኜ ከቤቴ ጀርባ፣ ወንዙ ዳር ባለችው ጓሮ አስወረድሁ። ላስቲክ ሞልቼ ወይራና ዋንዛ አፈላሁበት። እንደ ወባ በሽተኛ ቢጫ ሆነው ቆመዋል፤ አያድጉም፣ አይሞቱም። አባትህ በአጥሩ በኩል አንገቱን አስግጎ አየና «የማሌዥያ ዘዴ ይሄ ነው?» ብሎ ሄደ። ሱቁን ትተህ ከሄድህ ጀምሮ ስለ አንተ ያወራው ይህችን ብቻ ነው፤ እሷንም ለሽሙጥ።

አሁን የምጠይቅህ ማዳበሪያ አይደለም። ያንን ፈንገስ እዚያው በብልቃጥ ሞልታችሁ የምታስቀምጡት ከሆነ በብልቃጥ ላክልኝ። ካልሆነም አላውቅም በለኝ። አለማወቅ ነውር የለውም፤ ሰውን ባሕር ዛፍ ሥር ማስቆፈር ነው ነውሩ።

ወሰላም፣
አክስትህ


ፓሃንግ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ በአክብሮት ይድረስዎት። መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ።

ተሳስቻለሁ። እዚህ የምንሠራባቸው የጫካ ዛፎች ፈንገስ ዝናብ ሲበዛ ከመሬት ወጥቶ የጅብ ጥላ ሆኖ ይታያል። የባሕር ዛፍም እንደዚያው አለው። የወይራና የዋንዛ ግን ሌላ ዘር ነው። ከመሬት በላይ አይወጣም፣ ጥላ አያበቅልም፣ በዓይን አይታይም። ያደግኩበትን አገር ዛፍ ትቼ የተማርኩበትን ጫካ ነገርኩዎት። ከደብዳቤዎ በኋላ የቀድሞ አስተማሪዬን ጠይቄ ነው ያረጋገጥኩት።

በብልቃጥ አልልክም። ከዚህ የሚላከው ለአገራችን አፈር ባዕድ ነው። የሚፈልጉት እዚያው ጎጃም አለ። ያረጀ፣ ማንም ያልተከለው ወይራ ይፈልጉ። ከሥሩ አጠገብ ያለው አፈር ከቀጫጭን ሥሮቹ ጋር ይቆፈር፤ ሥሮቹ ተቆራርጠው ይግቡበት። ከእናት ዛፉ ሥር የበቀሉ ቡቃያዎች ካሉም ከነአፈራቸው ይነሡ። ማዳበሪያ ግን አደራ፣ እንዳይነካቸው። ጥቂት ላስቲኮችን ምንም ሳያደርጉባቸው ቢተዉልኝ ደግሞ ለማነጻጸር ይጠቅመናል።

አክባሪዎ ያህያ


ፍኖተ ሰላም፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለያህያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ የልብህን መሻት ይሙላልህ፤ ልብህ ውስጥ ያለውንም ያስነግርህ። ይህን ያልሁበትን ኋላ ትረዳዋለህ።

ያረጀ ወይራ ፍለጋ ቡሬ ገጠር ዘለቅሁ። ወለተ ሥላሴ የምትባል ገበሬ አለች፣ በገበያ ቀን ከኔ ጨርቅ የምትገዛ፣ ምላሷ እንደኔ የሆነ። እሷ ወደ ደብራቸው ወሰደችኝ። አጸዱ ውስጥ ያለው ወይራ እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይታቀፍ ነው። ቄሰ ገበዙ አባ ወልደ ዮሐንስ ከደጀ ሰላሙ ወጥተው አናገሩኝ። አፈር እፈልጋለሁ አልኋቸው።

«ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?»

«ችግኝ ላፈላበት ነው አባቴ።»

«የት የሚተከል?»

ብዋሽ ይቀለኝ ነበር። «የእስላም መቃብር ላይ ነው» አልሁ።

«በክፉ አትይብኝ» አሉ፤ «የአጸዱ አፈር ከአጸዱ አይወጣም። ለኛም ሰው አልሰጥ። አንዱ ከወሰደ ሌላው ይከተላል፣ ከዚያ አጸድ አይኖርም።»

አልከፋኝም፤ እኔም የነሱን ቦታ ብጠብቅ እንዲሁ እል ነበር። ወለተ ሥላሴ ግን ከፋት። መንገድ ላይ «እሳቸው የአጸዱ ጌታ ናቸው፣ የገደሉ ጌታ አይደሉም!» ብላ ከማሳዋ በታች ወዳለው ገደል አወረደችኝ። ቁልቁል በቂጤ ተንሸራተትሁ ብልህ አታምነኝም። ታች ከጅረቱ ዳር ሰው ያልቆረጣቸው ወይራዎች አሉ፤ ሥራቸው በቡቃያ ተሞልቷል። ሁለታችን ቆፍረን፣ በአህያዋ ጭነን፣ አስፋልት አደረስነው።

ኬላው ላይ ጠባቂው ጆንያውን አስፈታኝ። «ምንድን ነው?»

«አፈር።»

«ፍኖተ ሰላም አፈር የለም?»

«ያለው ሥራ አይሠራም» አልሁት። ሳቀና አሳለፈኝ።

አሁን ቡቃያዎቹ ላስቲክ ውስጥ ናቸው፤ በገደሉ አፈር ዋንዛም አፈላሁ። ምንም ሳላደርግባቸው እንድተውልህ የጠየቅኸኝን አልተውሁልህም። በልጄ መቃብር ላይ ሙከራ አልሠራም። ማዳበሪያም አይነካቸው ብለሃል፤ አንዱን መደብ ነካሁት። ስታዝ እልህ ያዘኝ፤ ያንተም የጅብ ጥላ ገና ከሆዴ አልወጣም። የገደሉ አፈር አለበት፣ ዩሪያም ጨመርሁበት። የቱ እንደሚያምር እናያለን።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። በመጨረሻው ደብዳቤህ «የቀድሞ አስተማሪዬ» ብለሃል። ከመቼ ወዲህ ነው የቀድሞ የሆነው? ስለ ጣቢያውም አንድ ቃል የለበትም። እኔ የጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ የተጎተተ ክር ከሩቅ ይታየኛል። ምን ደብቀኸኛል?

አክስትህ ኡምሀኒ


ጆሆር፣ ማሌዥያ፣ ግንቦት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ጣቢያው ውስጥ የለሁም። በሙከራው ገና መጀመሪያ ላይ ጥሩ ነገር ያየን መስሎን ነበር። ሲጠናቀቅ ግን ፈንገሱ የተሰጣቸው ችግኞች ካልተሰጣቸው አልበለጡም። ጥላ በበዛበት መደብ እንዲያውም አጠሩ። ቅጠሉ በቂ ብርሃን ሳያገኝ ሸሪኩን መቀለብ ከበደው። ማዳበሪያ የተሰጣቸው ከሁሉም ረዘሙ። ፕሮጀክቱ አልታደሰም፣ ቦታዬም ተዘጋ። አሁን የዘንባባ ዘይት እርሻ ላይ የችግኝ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ከጧት እስከ ማታ ማዳበሪያ እበትናለሁ። ሳልነግርዎት የቆየሁት ከአባቴ ጆሮ እንዳይደርስ ነው። «ሱቁን ትቶ ሄዶ እዚያም አልሆነለት» ሲል በጆሮዬ ይሰማኛል።

ስለዚህ አክስቴ፣ ይተዉት። በከንቱ ያደከምኩዎት እኔ ነኝ። አባቴ እንዳለው ባሕር ዛፍ ይተከል። ቢያንስ ይበቅላል። የራጂያን መቃብር በድንጋይና በሲሚንቶ ማስጠበቅ ይቻል እንደሆነ ሰው ያማክሩ፤ የምችለውን እረዳለሁ።

ያህያ


ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለያህያ ማህዲ፣

አላህ ይማርህ ብዬ ልጀምር። ሰላምታውን ኋላ እሰጥሃለሁ።

ምን ብለህ ነው ይተዉት የምትለኝ? ማዳበሪያ የተሰጣቸው ረዘሙ አልኸኝ። ቁመት ማን ጠየቀህ? እኔ ቁመት ልሸጥ ነው እንዴ? በጥላ መደብ ውስጥ፣ ውሃ እየጠጡ፣ የቱ እንደረዘመ ለክታችሁ ዘጋችሁት። አውጥታችሁ ተክላችሁ፣ በጋ መጥቶ፣ የቱ በሕይወት እንደቀረ አያችሁ? አላያችሁ ከሆነ ሥራችሁ አላለቀም፤ ያላለቀ ሥራ ደግሞ አልሆነም አይባልም። የዘንባባ እርሻውን አልንቅብህም፣ ሥራ ሥራ ነው። የምንቅብህ እጅህን መስጠትህን ነው። እኔ የምሰጠው እጅ የለኝም፣ ሁለቱንም አፈር ውስጥ ከትቻቸዋለሁ።

አሁን የሆነውን ስማ። ዝናቡ ሲጸና ኮሚቴው ባሕር ዛፍ በጋሪ አስጭኖ እንደሚተክል ሰማሁ። ቀድሜአቸው ሄድሁ። ብቻዬን አልሄድሁም፤ የሙሐመድአሚን ሚስት ሳቢራ፣ ሌሎችም ልጆቻቸውን ወይም እናቶቻቸውን እዚያ የቀበሩ ሴቶች ተከተሉኝ። አፋፉ ላይ ጉድጓድ እየቆፈርን ወይራውንና ዋንዛውን ስንተክል አባትህ ከኮሚቴው ጋር መጣ።

«እቴ» አለኝ፣ በሰው ፊት ለስለስ ብሎ፣ «ሴት ቀብር አትገባም።»

«የሞተ ልቀብር አልመጣሁም። ሕያው ልተክል ነው የመጣሁት።»

«ኮሚቴው ወስኗል። ባሕር ዛፉ ቶሎ ይደርሳል፣ አጥር ይወጣዋል።»

«አጥሩ ምኑን ይጠብቃል? ውስጡ ታጥቦ ካለቀ ለቦረቦሩ ነው የምታጥርለት?»

አንዱ የኮሚቴ ሽማግሌ ችግኞቹን በእግሩ ነካ አድርጎ «ይህች የጣት ቁመት የላትም፣ ይህች ናት ቦረቦር የምታቆም?» አለ። እውነቱን ነው። የገደሉ አፈር ብቻ ያለባቸው አጫጭር ናቸው። ማዳበሪያ የሰጠኋቸው ጉልበቴ ድረስ ደርሰው ያምራሉ፣ እኔው ራሴ ሳያቸው ደስ ይለኛል። ሁለቱንም ተክያለሁ።

አባትህ ነቅላችሁ ጣሉ ሊል አፉን ሲከፍት ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀመጥሁ። ሴቶቹም ተቀመጡ። ዝናቡ ወረደ። ወንዶቹ ጃንጥላ ነበራቸው፣ እኛ አልነበረንም፤ የተነሣ ሰው ግን የለም። ጭቃው ከቦረቦሩ ጠርዝ እየተናደ ሲገባ ሁላችንም፣ እነሱም እኛም፣ እያየን ነበር። አባትህ ጃንጥላውን ለሳቢራ ሰጠና ወደኔ ዞረ።

«የላይኛው የኮሚቴው ነው» አለኝ። «ከዚህ በታች ያለው የአንቺ። ከበጋው የተረፈ ካለ ይቆይ። ከደረቀ ግን በመጪው ክረምት በባሕር ዛፍ እሸፍነዋለሁ፣ ያኔ አንድ ቃል አልሰማሽም።»

«አንድ ቃል አልናገርም» አልሁት። ቃል ተገባባን።

ስለዚህ ይህ ነገር የኔና የአባትህ ብቻ አይደለም። አንተም አለህበት። አላውቅም ካልህ አላውቅም በለኝ፣ ይተዉት ግን ሁለተኛ እንዳትለኝ።

ሰላምታው ይኸውና፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ብላ፣ ጠጣ፣ አትክሳ።

አክስትህ


ጆሆር፣ ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም። አላህ በዝናብ የተቀመጡበትን ጉልበትዎን ይባርክልዎት፤ ብርድም እንዳይተውብዎት።

ደብዳቤዎን ካነበብኩ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ በአውቶቡስ ወደ ፓሃንግ ሄድኩ። የሙከራችን ችግኞች ከጣቢያው ጀርባ ጫካው ዳር ተተክለው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አላያቸውም። ቀኑን ሙሉ በሣር ውስጥ ፈለግኳቸው። እውነቱን ልንገርዎት፣ የሚያኮራም የሚያሳፍርም አይደለም። ከሁሉም መደብ የሞተም የቆመም አለ። ልዩነት አላየሁም። ግን እዚህ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል። ውሃ የተጠማ ዛፍ የለም። የእኔ ውጤት ለእርስዎ አፋፍ አይመሰክርም፤ አይሆንም ለማለትም፣ ይሆናል ለማለትም። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው የጎጃም ፀሐይ ብቻ ነው የሚፈርደው።

ማድረግ የሚችሉት ይህ ነው። ዝናቡ ሲያቆም በየችግኙ ዙሪያ ገለባ ያልብሱ፣ በላዩ ድንጋይ ይጫኑበት። ከብት አያስገቡ። ከእንግዲህ ማዳበሪያ አይጨምሩ። ሌላው ከእጃችን ውጭ ነው።

ይተዉት ያልኩትን መልሼ ወስጃለሁ።

ያህያ


ፍኖተ ሰላም፣ ሚያዝያ 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለያህያ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከረምህልኝ? ይህን ያህል የዘገየሁት መጻፍ ሽንፈቴን መናገር ሆኖብኝ ነው። በጋው ክፉ ነበር። ጥር ላይ ቀይ አፈሩ ተሰነጣጥቆ ጣት ያስገባ ነበር። ፍየል ገብቶ የታችኛውን ጫፍ በላብኝ። ገለባውን ነፋስ ወሰደው፣ እንደገና አለበስሁት፣ እንደገና ወሰደው። በየሳምንቱ እየሄድሁ አያለሁ፤ አሁን ሴት ገባች የሚል ጠፍቷል፣ ለምደውኛል።

እነዚያ ጉልበቴ ድረስ የደረሱት፣ ማዳበሪያ የሰጠኋቸው፣ ቀድመው ሄዱ። ከዋንዛዎቹ ጥቂት ተርፈዋል፣ ዋንዛ ጠንካራ ነው። ወይራዎቹ ግን ታኅሣሥ ሳይወጣ ከጫፋቸው ጀምረው ደረቁ። ልክ ነህ አልልህም፤ አንተም ልክ መሆንህን አላወቅህም ነበር። እኔ በእልህ አበላኋቸው፣ በእልሄ ሞቱ። ያ የኔ ነው። አጫጭሮቹ የካቲት ላይ ቅጠላቸውን አራገፉ። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ሳቢራ ብታንኳኳ አልከፈትሁም።

ከዚያ መጋቢት ላይ አንድ ካፊያ ወረደ፤ ካፊያ ብቻ፣ አቧራውን እንኳ አላበረደም። ከሳምንት በኋላ ብሄድ ከደረቀው እንጨት ሥር ሥር ቅጠል ወጥቷል። ሁሉም አይደለም። ከግማሽ ጥቂት ቢበልጥ ነው። የወጣው ግን ወጣ።

አባትህ በቃሉ መሠረት ትናንት መጣ። ኮሚቴውን አላመጣም፣ ብቻውን ነው። ከላይ እስከ ታች አየ። ከደረቁት ረጃጅሞች አንዱን በሁለት ጣቱ ሳብ ሲያደርገው ከመሬት ወጣ። ሥሩ የላስቲኩን ቅርጽ እንደያዘ ተጠቅልሎ ቀርቷል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ስንዝር አልሄደም።

«ይኸውልሽ» አለኝ።

«ይኸው» አልሁት። «አሁን ደግሞ ያችን ንቀል» ብዬ አጭሯን አሳየሁት፤ ከራጂያ መቃብር በታች ያለችውን፣ ቅጠሏ ገና የወጣውን።

«ተዪ እቴ።»

«ንቀላት አልሁህ! ከነቀልሃት ባሕር ዛፍህን ዛሬውኑ ትከል።»

በሁለት ጣቱ ሳበ። ቀጥሎ በእጁ። ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ያዘና እግሩን ተክሎ ሳበ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ሰማሁት። ቅርፊቷ ተላልጦ እጁ ላይ ቀረ እንጂ አልመጣችም። ተቀመጠ። መሬቱ ላይ፣ በነጭ ጀለቢያው። «ከታች ምን ይዟት ነው?» አለኝ።

«ልጅህን ጠይቀው» አልሁት።

እጁን ጠርጎ ተነሣ። «ሰው ልኬ ውሃ ላስጠጣልሽ?» አለኝ።

«አልፈልግም» አልሁት። «የተላጠችውን ግን በጭቃ ለብጥልኝ።» ለበጣት።

ቦረቦሩ ቆሟል አልልህም። ክረምቱ ገና ይመጣል፤ አንድ የወይራ ቡቃያ ጎርፍ አይመልስም። ወለተ ሥላሴ በሰኔ እንደገና ከገደሉ ልታወርደኝ ቀጠሮ ይዘናል፣ ቂጤ እስኪላጥ እንወርዳለን። ከመቃብሩ ዳር እስከ ወንዙ እየተከልሁ እሄዳለሁ። ካንተ ምንም እንዲላክልኝ አልፈልግም። ብትመጣ እጅ ይጨመርልኛል፤ ባትመጣም ሥራው አይቆምም።

ሙሐመድአሚን ነገ ጧት ይነሣል። ወረቀቱን ላጥፍ ስል አባትህ ሱቅ ውስጥ አጠገቤ ቆሞ «ያህያን አንድ ነገር ጠይቂልኝ» አለኝ። እኔ የማንም ጸሐፊ አይደለሁም፣ እጅ አለህ፣ ጻፍ አልሁት። እስክሪብቶውን ሰጠሁት። ብዙ ጊዜ ፈጀበት። ከታች ያለው የሱ ነው።

አላህ ከነሙሉ ጤናህ ያገናኘን።
አክስትህ ኡምሀኒ

ያህያ፣ የላይኛውን ባሕር ዛፍ ግማሹን ምስጥ በልቶታል። ምን ይደረግ?
አባትህ ማህዲ